ባለቤት ያጣው ዜና

በዚህ እትም ግጥም አንሔስም። ልብ ወለድም አንሔስም። የግቢያችን ገጣሚዎች ለአንድ ጊዜ እፎይ ይበሉ። ብዕራችንን ያነሣነው ሁላችንም በየምሽቱ በምንሰማቸው፣ ነገር ግን ማንም ሥነ ጽሑፍ ብሎ በማይቆጥራቸው ሁለት የአማርኛ ድርሰቶች ላይ ነው። አንደኛው የእግር ኳስ ኮሜንታተር ንግግር ነው። ሁለተኛው ዜና ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከፔዳም ይሁን ከፖሊ ግቢ ወጥቶ ባሕር ዳር ውስጥ ወደ አንዱ ዲኤስቲቪ ቤት ጎራ ያለ ሰው ይህን ሳይታዘብ አይቀርም። ጨዋታው በአማርኛ ሲተላለፍ አግዳሚው ላይ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ የተቀመጠው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል። ኮሜንታተሩ የአንድ ተጫዋች ስም ቢሳሳት ከኋላ ሦስት ሰው ጮኾ ያርመዋል። ዕረፍት ሆኖ ጣቢያው ወደ ዜና ሲዞር ግን ያው ሕዝብ ሻይ ያዛል፣ ስልኩን ይነካካል፣ የመጀመሪያውን አጋማሽ ይከራከራል። ዜና አንባቢው አንድ ሚሊዮን ብር ቢሳሳት የሚያርመው የለም።

የተለመደው ማብራሪያ «ኳስ ያዝናናል፣ ዜና ያሰለቻል» የሚል ነው። አንቀበለውም። ኳስም ያሰለቻል፤ ዜሮ ለዜሮ ያለቀ ጨዋታ ዘጠና ደቂቃ ቁጭ ብሎ ያየ ያውቀዋል። ዜናም ልብ መስቀል ይገባው ነበር፤ የሚያወራው ስለ መንገዳችን፣ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ወንድምና እህቶቻችን ነውና። ልዩነቱ ያለው ሰዋስው ላይ ነው ባዮች ነን። ይህን እናስረዳለን።

መጀመሪያ ኮሜንታተሩን እንስማው። ምሳሌው እኛው የሠራነው ነው፤ ግን እንግዳ አይሆንባችሁም። «ሽመልስ ተቀበለ፤ አንድ ሰው አለፈ፤ ለአቡበከር ሰጠ፤ አቡበከር ሞከረ፤ በረኛው አዳነ።» አምስት ግሦች አሉ። አምስቱም ባለቤት አላቸው። ማን እንደ ተቀበለ፣ ማን እንደ ሰጠ፣ ማን እንዳዳነ እናውቃለን። ኳሷ አንድም ጊዜ በራሷ አልሄደችም። ተከላካዩ ኳስ ሲያበላሽም ስሙ ይጠራል፤ እናቱ ቤት ቁጭ ብላ እያየች ስሙ ይጠራል። ደግሞ ልብ በሉ፤ ይህ ጥላቻ አይደለም። ያው አፍ፣ ያንኑ ተጫዋች፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጥሩ ኳስ ሲያወጣ በዚያው ስም ያመሰግነዋል። የሠራውን ሰው በሠራው ሥራ መጥራት ማለት ይኸው ነው። አጥቂው ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ «ፍጹም ቅጣት ምት ተስቷል፤ ጉዳዩም በመጣራት ላይ ይገኛል» የሚል ኮሜንታተር ቢመጣ ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

አሁን ወደ ዜናው እንሻገር። ጣቢያ አንጠራም፤ የመንግሥቱም የግሉም በዚህ ነገር አይተማሙም። የዜናው ማሰሪያ አንቀጽ እንዲህ ነው፦ «…ሥራው ተጠናክሮ በመከናወን ላይ እንደሚገኝ ተገለጸ።» በዚህች አጭር ጭራ ውስጥ ሦስት በሮች አሉ፤ ሦስቱም ተዘግተዋል። ማን ነው የሚያከናውነው? አልተባለም። መቼ ያልቃል? «በመከናወን ላይ» ነው፤ አያልቅም። ይህን የነገረንስ ማን ነው? «ተገለጸ»፤ እንደ ጉም ገለጥ አለ በቃ!

ለጣና ዳር ሰው ከእምቦጭ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። አረሙ በሐይቃችን ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ «እምቦጭን የማስወገዱ ሥራ በመካሄድ ላይ ይገኛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከአረሙ እኩል ተስፋፍቷል። ማሽን መጣ ተባለ፣ ማሽን ቆመ ተባለ፣ ዘመቻ ተጀመረ ተባለ። ማን አመጣ፣ ማን አቆመ፣ ማን ጀመረ? ዝም። ይህ ዝምታ ጥፋተኛን ብቻ የሚሸፍን እንዳይመስላችሁ። ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው ሲነቅሉ የኖሩት የደንቢያና የፎገራ ገበሬዎች ናቸው። በ«ተነቀለ» ውስጥ እነሱም ጠፍተዋል። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ያጠፋውን ሰው ያስመልጣል፤ የደከመውን ሰው ደግሞ ይሰርቃል።

ሰዋስው ስንማር ገቢርና ተገብሮ የሚባል ነገር ነበረ። «ልጁ ብርጭቆውን ሰበረ» ገቢር ነው። «ብርጭቆው ተሰበረ» ተገብሮ ነው። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ልጁ ነው። በሁለተኛው ባለቤቱ ማን ነው? ብርጭቆው! የተሰበረው እሱ፣ የስብራቱም ባለቤት እሱ። ልጅ ሁሉ ይህን ሰዋስው ሳይማር ያውቀዋል፤ እናት «ማን ሰበረው?» ስትል «ተሰበረ» ነው የሚላት። እናት ግን የተዋጣላት ሐያሲ ስለ ሆነች «ተነሥቶ ወደቀ?» ትለዋለች። ከዚህች ጥያቄ የበለጠ የዜና ሂስ እስካሁን አላነበብንም።

ይህ የብርጭቆ ሰዋስው ትልቅ ቦታ ሲደርስ አያስቅም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት «ተቋረጠ»። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ኢንተርኔት ነው። እንግዲህ ኢንተርኔት ራሱን አቋርጦ ይሆናል! ከቤተ ሰቡ የራቀ ተማሪ፣ በስልክ የሚነግድ ነጋዴ፣ ከውጭ አገር የልጇን ፊት በስልክ ታይ የነበረች እናት፣ ሁሉም «ተቋረጠባቸው»። በዚህ ቃል ውስጥ ግን የሚታየው የደረሰበት ሰው ብቻ ነው፤ ያደረሰው የለም። መቋረጡ ተገቢ ነው የሚል ካለ ተነሥቶ «እኔ አቋረጥኩት፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ይበል። ያኔ እንከራከረዋለን፣ ምናልባትም ያሳምነን ይሆናል። ከ«ተቋረጠ» ጋር ግን እንዴት አድርጎ ይከራከሩታል?

«ጋዜጠኞቹ ገቢር ግስ አያውቁም ማለታችሁ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በደንብ ያውቃሉ እንጂ! በግንቦት 2016 ዓ.ም. እዚሁ ከተማችን ውስጥ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ ባለቤቱ ወዲያው ተገኘ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ «መርቀዋል»። ድልድዩ ማማሩን አንክድም፤ ማታ ማታ እየሄድን ፎቶ የምንነሣበት እኛው ነን። የምንለው ስለ ሰዋስዉ ነው። ለዓመታት «በመገንባት ላይ» የነበረ ነገር ሪባን የሚቆረጥበት ቀን ሲደርስ በድንገት ገቢር ሆነ። ብረቱን የበየደው፣ አርማታውን ያፈሰሰው ሠራተኛ ግን «ተገነባ» ውስጥ እንዳለ ቀረ። ስለዚህ ሕጉን እንዲህ አድርገን እንጻፈው፦ ሪባን ገቢር ነው፤ ላብ ተገብሮ ነው፤ ጥፋት ደግሞ ፈጽሞ ተገብሮ ነው።

ሁለቱ ድርሰቶች፣ ኳሱና ዜናው፣ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ቦታ አለ። እሱም የባሕር ዳር ስታዲየም ነው። ከሃምሳ ሺህ ሰው በላይ ይይዛል የሚባለው ይህ ሜዳ ብዙ አሳይቶናል። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፈችው እዚህ ነው። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካርን 4 ለ 0 የረታችውም እዚህ ነው። ከዚያ ከቀናት በኋላ አቢጃን ላይ ዳኛው ሜዳ ውስጥ ወድቆ ጨዋታው ሳያልቅ ሲቋረጥ፣ ብንሸነፍም ከስምንት ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ እዚሁ መጥታ 3 ለ 1 አሸነፈችን። እሱም ቢሆን በሜዳችን ነበር፤ በሜዳ መሸነፍም የባለሜዳ ነው።

ከዚያ በኋላ ስታዲየሙ «ታገደ»። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ደረጃውን አያሟላም ብሎ አገደው። እዚህ ላይ ቢያንስ አንድ ባለቤት ተገኝቷል፤ ግን የውጭ ሰው ነው። «አገደ» ባለቤት ሲያገኝ «አልተሟላም» የሚለው ግን ባለቤት አላገኘም። ምን ጎደለ፣ ማን አጎደለው፣ ማንስ ሊሞላው ቃል ገባ? ይህ ሁሉ «አስፈላጊው እርምጃ በመወሰድ ላይ ይገኛል» ውስጥ ገብቶ ተቀበረ። ነገሩን የሚያመረው ታሪኩ ነው። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ካፍን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ቤቱን ከሠሩት አንዱ ሆኖ ውጭ ማደር ይሉሃል ይህ ነው።

የተከተለው ነገር የሰዋስው ተማሪን ያስለቅሳል፣ ያስቃልም። ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ጋናን በ«ሜዳዋ» አስተናገደች፤ ሜዳዋ ጆሃንስበርግ ነበር። 1 ለ 1 ወጡ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብጽን በ«ሜዳችን» 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ፤ ሜዳችን ከኬንያና ከታንዛንያ ማዶ፣ ማላዊ ውስጥ፣ ሊሎንግዌ ነበረች። መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ያችኑ ግብጽን ካዛብላንካ ላይ «ተቀብለን» 2 ለ 0 ተሸነፍን። ለግብጽ ተጫዋቾች የእኛ ሜዳ ከእኛ ይልቅ ይቀርባቸው ነበር! ኮሜንታተሩ ግን ባለሙያ ነውና «ባለሜዳዎቹ» ማለቱን አልተወም። በደንቡ ልክ ነው። በእውነቱ ግን ቃሉ ብቻውን ቀርቶ ነበር፤ «ባለ» አለ፣ «ሜዳ» የለም።

ክለባችንም ከዚህ አላመለጠም። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዲኤስቲቪ ሲተላለፍ፣ ጨዋታዎቹም በተመረጡ ከተሞች በዙር ሲካሄዱ ባሕር ዳር ከተመራጮቹ አንዷ ነበረች። በ2016 ዓ.ም. የጣና ሞገዶቹ ጨዋታቸውን ሁሉ በሌላ ከተማ አደረጉ። የሞገዱ ደጋፊ ሞገዱን በመስኮት ማየት ጀመረ፤ ያውም መግቢያ ከፍሎ። ጨዋታው ከከተማችን «ተዛወረ»፤ አሁንም «ተ»!

የኳሱና የዜናው ልዩነት እዚህ ላይ ጎልቶ ይወጣል። የኢትዮጵያ ቡድን ሊሎንግዌ ላይ ሲያሸንፍ ማን እንዳገባ ለዘላለም ተጽፎ ይኖራል። ቡድኑ ለምን ሊሎንግዌ እንደ ሄደ ሲጠየቅ ግን መልሱ ውስጥ አንድም የሰው ስም የለም። አንድ ኳስ የሳተ የሃያ ዓመት ልጅ በአደባባይ ይጠየቃል፤ አንድ ስታዲየም የሳተ መሥሪያ ቤት አይጠየቅም። እኛ በኳስ የምንናደደውን ያህል በዜና የማንናደደው ግድ ስለሌለን አይመስለንም። ኳሱ የምንናደድበትን ሰው ስለሚነግረን ነው። ዜናው የሚሰጠን የሚናደዱበት ነገር ሳይሆን የሚታከቱበት ነገር ነው። የታከተው ሕዝብ ደግሞ ሻይ ያዛል።

አሁን አንድ ከባድ ክርክር አለ፤ ሳንመልሰው አናልፍም። ከቅኔ ቤት የመጣ አንድ ጓደኛችን «ይኼ እኮ የአማርኛ ጨዋነት ነው፤ ሁሉን ነገር በግልጽ መናገር የእኛ ባህል አይደለም፤ ሰምና ወርቅ የተፈጠረው ለዚህ ነው» ይለናል። ጎጃም ቁጭ ብሎ ቅኔን መናቅ አይቻልም፤ አንንቅምም። ግን ሰምና ወርቅ ማንን ከማን ይደብቅ ነበር? ደካማውን ከኃይለኛው ነው። አዝማሪው ከጌታው ፊት ቆሞ እውነቱን በሰም ይጠቀልላል፤ ሰሚው ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያወጣል። ዜናው ግን ኃይለኛውን ከደካማው ነው የሚደብቀው። ሌላም ልዩነት አለ። የቅኔው ሰም ሲቀልጥ ወርቅ ይወጣል። ይህን ዜና አቅልጠነው አይተናል፤ ከሥሩ የወጣው ሌላ ሰም ነው።

«አድራጊው ካልታወቀስ?» ቢባል መልሱ ቀላል ነው፤ «ማን እንዳደረገው አላወቅንም» ይባል። ይህ ንጹሕ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ባለቤቱ «እኛ» ነን። ኮሜንታተሩም በተጫዋቾች ግርግር መካከል ኳሷ ከማን ነክታ እንደ ወጣች ካላየ «ከዚህ ሆኜ አልታየኝም» ይላል። ማንም አይቀየመውም።

ሚዛን እንጠብቅ ካልን ከወዲያ ማዶ ያሉትንም ሳንነካ አናልፍም፤ በዩቲዩብ ሌትና ቀን «ሰበር ዜና» የሚሰብሩልንን ወገኖች ማለታችን ነው። እነሱ ዘንድ ተገብሮ የለም። ሁሉም ነገር ባለቤት አለው። ችግሩ ባለቤቱ ሁልጊዜ አንድ መሆኑ ነው። ዝናብ ቢጠፋ እሱ ነው፤ ዝናብ ቢበዛም እሱ ነው። አንዱ ጣቢያ ላይ ባለቤቱ መንግሥት ነው፣ ሌላው ላይ አንድ ጎሣ ነው፣ ሦስተኛው ላይ የውጭ እጅ ነው። ይህ ደግሞ ጨዋታውን ሳያይ ከሜዳው በር ላይ ቆሞ «ዳኛው ነው! ዳኛው ነው!» እንደሚል ደጋፊ ነው። አንዳንዴ በእርግጥም ዳኛው ይሆናል። ግን ሁልጊዜ ዳኛው ከሆነ ጨዋታ አልታየም ማለት ነው። ባለቤት የሌለው ዜናና አንድ ባለቤት ብቻ ያለው ዜና፣ የሚጣሉ ቢመስሉም፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም «ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ?» ብሎ ዝርዝር ከመጠየቅ ያድኑናል።

ወደ ማጠቃለያችን እንሂድ። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ በጭማሪ ሰዓት ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ በአገራችን ገና ቴሌቪዥን አልነበረም፤ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስታዲየም ያልገባ ሰው የነበረው ዐይን ሬድዮ ብቻ ነው። በሬድዮ «ኳስ ተመታ» ብሎ ዝም ማለት አይቻልም፤ ሰሚው ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ማን መታ፣ ከየት መታ፣ ማን ፊት ቆመ፣ ሁሉም መነገር አለበት። አሁን ኮሜንታተሩ የሚናገረው ምስሉን እያየን ላለነው ነው፤ ዝም ቢልም ማን እንደመታ እናያለን። ዜና አንባቢው ግን የሚናገረው በስብሰባው አዳራሽ ላልነበርን፣ ውሳኔው ሲፈረም ላላየን ሰዎች ነው። እንግዲህ ስም የመጥራት ግዴታው በማን ይብሳል? እንደ ሬድዮ ኮሜንታተር መናገር የነበረበት ዜና አንባቢው ነበር። አገራችን ነገሩን ገለበጠችው፤ ለሚያየው ሁሉ ይነገረዋል፣ ለማያየው ይሸፈንበታል።

ምን ይሁን ትላላችሁ? ታላላቆቹን ጣቢያዎች ከዚህች ወረቀት ላይ ሆነን አናስተካክላቸውም። ከደጃችን ግን መጀመር እንችላለን። የግቢ ማስታወቂያ ሰሌዳዎችን እስኪ ሄዳችሁ አንብቡ፦ «ተቀይሯል»፣ «ተከልክሏል»፣ «ተራዝሟል»። የእኛው የተማሪዎች ክበባት ቃለ ጉባኤም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ «በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ» ይላል፣ ማን እንደ ደገፈና ማን እንደ ተቃወመ ሳይናገር። ነገ ከመካከላችን አንዱ ጋዜጠኛ፣ አንዱ ሹም፣ አንዱ የኳስ ኮሜንታተር ይሆናል። እጃችን ከአሁኑ ገቢር ይልመድ። ለሚቀጥለው ሳምንት «ተ» ብሎ የሚጀምር የዜና ግስ በሰማችሁ ቁጥር አጠገባችሁ ያለው ሰው እንዲሰማ አድርጋችሁ «ማን?» በሉ። ስድብ አይደለም፣ ፖለቲካም አይደለም፤ የሰዋስው ጥያቄ ነው።

ይህችም ጽሑፍ «ተጽፋለች» አንልም። የጻፍናት እኛ ነን፤ ያልተስማማ ይጻፍልን፤ ስሙን ግን ከሥር ያስፍር።